ጸሐፌ ዝናብ

ንጉሥ የዋለበትንና ያደረበትን፣ የሾመውንና የሻረውን የሚጽፍ ሰው በዚህ አገር ትልቅ ሰው ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ይባላል። ማኅተም ይይዛል፣ ከዙፋኑ አጠገብ ይቆማል፣ መኳንንቱም ይፈሩታል፤ እሱ ያልጻፈው ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራላ! የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ይኸው እስከ ዛሬ ስማቸው ከነማዕረጋቸው ይጠራል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ስለ ዜና መዋዕል ስናወራ አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነስቶ፣ «ንጉሡ የት እንዳደረ ማወቅ ለገበሬው ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለገበሬው የሚጠቅመው ዝናቡ የት እንዳደረ ማወቅ ነው። ታዲያ ዝናቡ የዋለበትንና ያደረበትን የሚጽፈው ሰውስ ማነው? ማኅተም አለው? መኳንንቱ ይፈሩታል?

ምን በወጣቸው! አንድ ጣሳ፣ አንድ የመለኪያ ብርጭቆ፣ አንድ ደብተር አለው። እስክሪብቶው ሲያልቅበት ከራሱ ኪስ ይገዛል።

እኔ የማውቃቸው አንድ ጸሐፌ ዝናብ አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ መሥሪያ ቤታቸውንም አልጠቅስም፤ ጡረታቸውን በሰላም ይብሉ። በ1978 ዓ.ም. በጋሞ ደጋ በአንድ ወረዳ ዝናብ ለኪ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ኋላ ወደ አርባ ምንጭ ወረዱና «የአካባቢ መረጃ» የተባለውን ነገር ሁሉ ይዘው ቆይተው በ2016 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ወጡ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። ኩልፎ ሲሞላና ሲጎድል፣ አባያ በደለል ሲቀላ፣ ጫሞ ከዳር ሲሸሽና ሲመለስ፣ ከገደሉ ሥር አርባዎቹ ምንጮች የሚፈልቁበት ደን ለማገዶ ሲመናመን፣ የሙዝ ማሳ ላይ የተረጨ መድኃኒት ወደ ውሃ ገባ ብሎ ሰው አቤት ሲል፣ ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር። በቢፒአር ዘመን ክፍላቸው ታጥፎ ከሌላ ክፍል ጋር ተደረበ። በሥራ ምዘናው ዘመን ደግሞ የያዙት መደብ «ድጋፍ ሰጪ» ተባለ። ማን ማንን እንደሚደግፍ የሚያውቀው መዛኙ ነው።

እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ ግን አገሩ በሥራቸው ስንት ጊዜ ተነሳ! ሥራ ሲጀምሩ የደብዳቤው ራስጌ «ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ክፍለ ሀገሩ ሰሜን ኦሞና ደቡብ ኦሞ ተብሎ ተከፈለ። መንግሥት ተለወጠና ሰሜን ኦሞ ዞን ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያም ፈረሰና ጋሞ ጎፋ ዞን መጣ። በ2011 ጋሞና ጎፋ ተለያዩ። በ2015 የደቡብ ክልል የሚባለው ራሱ ቀርቶ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተተካ፤ መቀመጫውም በአንድ ከተማ ሳይሆን በየከተማው ተከፋፈለ። ሕዝብ በፈለገው ስም ይጠራ፣ በፈለገው ከተማ ይተዳደር፤ በዚህ ጠብ የለኝም። የእኔ ጠብ ከካርቶኑ ጋር ነው። መሥሪያ ቤት ሲዛወር መጀመሪያ የሚጫነው የኃላፊው ሶፋ ነው፤ መጨረሻ የሚጫነው የወረቀት ካርቶን ነው። አንዳንዱ ካርቶን ጭራሹን አይጫንም።

ፌዴራሉም ከዚህ አይሻልም። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ1987 ተቋቋመ፤ በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2008 ስሙ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ ተጨመረበት፤ በ2011 ወደ ኮሚሽን ወረደ፤ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። የውሃውን ሚኒስቴርማ ተዉት፤ መስኖ ሲገባ ኢነርጂ ይወጣል፣ ኢነርጂ ሲገባ ኤሌክትሪክ ይወጣል። እያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ታፔላ፣ አዲስ የሥራ ሂደት ይዞ ይመጣል። የድሮው መረጃ ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚወስን አንቀጽ ግን አዋጁ ውስጥ ፈልጉ። «መብትና ግዴታው ተላልፏል» ይላል። መብትና ግዴታ ይተላለፋል፤ ደብተር ግን ተሸካሚ ይፈልጋል።

አንድ ሰው አንድ ቦታ ሲቆይ ምን እንደሚገኝ እኮ ከላይ በኩል አይተናል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ከ1987 እስከ 2005 አሥራ ስምንት ዓመት ያንኑ መሥሪያ ቤት መሩ። ዛሬ ስለ አካባቢ ስንከራከር የምንጠቅሳቸው አዋጆች፣ 295፣ 299 እና 300፣ የወጡት በእሳቸው ጊዜ በ1995 ነው። በዓለም መድረክ የአፍሪካን ቃል ይዘው ሲሟገቱ ዛሬ ያሉትን ነገ የሚረሳ ተሿሚ አልነበሩም። ሽልማቱም በአገሩ ሰው ዘንድ ስሙ አለ። እዚያ ላይ የተገኘውን ቀጣይነት ዝናብ ለኪው ጋ ስናወርደው ምን ችግር መጣ?

የእኔ ሰውዬ ሲወጡ ክሊራንስ አዞሩ። ንብረት ክፍል ወንበር አንድ፣ ጠረጴዛ አንድ፣ ሼልፍ አንድ፣ ካልኩሌተር አንድ ብሎ ተረከበ። ካልኩሌተሩ አይሠራም፤ ቢሆንም ቁጥር አለው፣ ተረከቡት። «ደብተሮቹስ?» አሉ። በእጃቸው የጻፉት ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው። ንብረት ክፍሉ ቅጹን ላይ ታች አየና፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ንብረት አይደለም፤ ዋጋ የለውም። ከፈለጉ ይውሰዱት» አላቸው። ልጁ አልዋሸም፤ ቅጹ ላይ ረድፍ የለውም። ደብተሮቹ ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ በዘይት ካርቶን ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው ካርቶኑን ለሌላ ነገር ይፈልጉታል።

ከዚሁ ከአርባ ምንጭ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በአውሮፓውያን 1990 ነጭ ሳር ፓርክ የመጡ የእንግሊዝ አጥኚዎች መንገድ ላይ በመኪና ተገጭታ የሞተች ሌሊት በራሪ ወፍ አገኙ። አካሏ ደቋል፤ ደህና የቀረችው አንድ ክንፍ ናት። ክንፏን ይዘው ሄዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወፏ ለሳይንስ አዲስ መሆኗ ታውቆ ስም ወጣላት፤ የላቲን ስሟ መጨረሻ «ሶላላ» ነው፣ «ክንፍ ብቻ» እንደማለት። ያቺ ክንፍ እስከ ዛሬ እንግሊዝ አገር ሙዚየም ውስጥ ቁጥር ተሰጥቷት፣ ብርሃንና ብል እንዳይደርስባት ተጠብቃ አለች። የአንዲት ወፍ አንዲት ክንፍ! በዚያው አገር ላይ የወረደው የሠላሳ ስምንት ዓመት ዝናብ ግን የዘይት ካርቶን ውስጥ ነው። እንግሊዞቹን አላማም፤ የኛን ሼልፍ ግን አማለሁ።

«አንድ ጣሳ ውሃ መለካት ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ሥራውን እንየው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትወጣለህ። ጣሳው ውስጥ ያለውን ወደ ብርጭቆው ትቀዳለህ፣ ዓይንህን ከውሃው ትይዩ አድርገህ ታነባለህ፣ ትጽፋለህ፣ ትደፋለህ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ይኸው ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። ግን በፋሲካም ትወጣለህ፤ ልጅህ የታመመ ቀንም ትወጣለህ፤ ዝናብ ባልጣለበት ጠዋትም ትወጣለህ። ምሥጢሩ ያለው እዚህ የመጨረሻዋ ላይ ነው።

ዝናብ ባልጣለበት ቀን ዜሮ ይጻፋል። ለኪው ባልወጣበት ቀን ሰረዝ ይጻፋል። እኒህ ሰው ከዜሮና ከሰረዝ በላይ የሚያስቆጣቸው ነገር የለም። ዜሮ ማለት «ወጣሁ፣ አየሁ፣ የለም» ነው። ሰረዝ ማለት «አላየሁም» ነው። አንዱ ምስክርነት ነው፣ ሌላው ዝምታ። ቢሮ ውስጥ ግን ወረቀቱን ኮምፒዩተር ላይ የሚገለብጠው ልጅ ሰረዝ ያያል፤ ባዶ ሳጥን ደስ አይልም፤ ዜሮ ይሞላበታል። በዚህች አንዲት ጠቅታ ያልነበረ ድርቅ ተፈጠረ! ሌላው ደግሞ አለ፦ ለኪው ሦስት ቀን ሳይወጣ ይቀርና በአራተኛው ቀን ጣሳው ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ እንደ አንድ ቀን ዝናብ ይጽፋል። በዚህችኛዋ ያልነበረ ጎርፍ ተፈጠረ። ቀጥሎ የሚመጣው መሐንዲስ ድልድይ ሲነድፍ የሚጠይቀው «በአንድ ቀን የጣለው ትልቁ ዝናብ ስንት ነው?» ብሎ ነው። የተሳሳተውን ቁጥር ከሰጠኸው ወይ ድልድዩ ያለ ልክ ይወደዳል፣ ወይ ደግሞ በአምስተኛው ክረምት ይሄዳል። ድልድዩ ሲሄድ ተቋራጩ ይወቀሳል፣ አሸዋው ይወቀሳል፣ ሲሚንቶው ይወቀሳል። ሰረዟን የሚጠረጥር የለም።

በዕድሜዬ ብዙ ጽሑፍ አርሜያለሁ፤ በሥርዓተ ነጥብ የሰው ቤት ሲፈርስ ያየሁት ግን በዚህ ሙያ ነው።

ቀዳዳውስ? በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በአገሪቱ በብዙ ጣቢያዎች መዝገብ ላይ ቀዳዳ አለ። ሰማዩ ያን ዓመት ሥራውን አላቆመም፤ የቆመው የሚጽፈው ሰው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ያን ቀዳዳ ከጎረቤት ጣቢያ ቁጥር እያሰሉ ይደፍኑታል። ይህ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ቻርልስ ኪሊንግ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃዋይ ተራራ ላይ አየሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለካ ኖረ። በ1964 በጀት ተቆረጠበትና ለጥቂት ወራት ልኬቱ ተቋረጠ። ዓለም ሁሉ በሚያውቀው በዚያ ግራፍ ላይ ክፍተቷ እስከ ዛሬ ትታያለች። ልዩነቱ ኪሊንግ እስኪሞት ድረስ ለቁጥሩ በጀት ሲለምንና ሲጣላ የኖረ፣ ተከታይም ያፈራ ሰው መሆኑ ነው። በኛ ቤት ቁጥሩን ይዞ የሚጣላ ሰው «ግትር» ተብሎ ውጤት ይቀነስበታል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ግብፆች የአባይን ከፍታ ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጽፈው አቆይተዋል፤ ካይሮ ውስጥ ሮዳ ደሴት ላይ በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራው መለኪያ ዓምድ ዛሬም ቆሟል። ግብሩ የሚጣለው በዚያ ዓምድ ንባብ ነበር። ዓምዱ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው አብዛኛው ውሃ የማን ክረምት ነው? የኛ! የራሳችንን የጥንት ክረምት ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የካይሮን መዝገብ ይገልጣል።

«አሁን ሳተላይት አለ፣ ጣሳ ድሮ ቀረ» ይሉኛል ዘመናዊዎቹ። ሳተላይት ደመናውን ከላይ ያያል እንጂ ውሃውን አይጨብጥም። ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን የሚታወቀው መሬት ላይ ካለው ጣሳ ጋር ሲተያይ ነው። በተለይ እንደ ጋሞ ባለ አገር፣ ከጫሞ ዳር ተነስተህ ጨንቻ እስክትወጣ ድረስ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ በምታቋርጥበት ተዳፋት፣ አንዱ ሸለቆ ሲዘንብበት ማዶው ደረቅ ነው። የራሳችን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎችም ሳተላይቱንና ጣሳውን አዳቅለው ነው የሚሠሩት። ጣሳውን የጣለ ሰው ሳተላይቱንም ጣለው።

እሺ፣ ተለካ፣ ተጻፈ፣ ከእሳትና ከአይጥ ተረፈ እንበል። ማነው የሚያየው? ከጥቂት ዓመት በፊት የአንድ ዓመት የዝናብ ቁጥር ፈልጌ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ቢሮ ገባሁ። «የትብብር ደብዳቤ ይዘዋል?» አሉኝ። ከየት ነው የማመጣው? እኔ ዜጋ ነኝ፤ ከዜግነት የሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ የለም። «ለምን ፈለጉት?» «ላነበው።» ተያዩ። ሊያነበው የመጣ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሐሙስ ይመለሱ፤ ሐሙስ ሥልጠና ገቡ። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሕጉ እኮ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘትን መብት፣ አንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ የመኖርን መብት ይናገራል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ላይ ይመክራል ይላል። በምን ይምከር? አዋጅ 295/1995 እያንዳንዱ ክልል የአካባቢውን ሁኔታ የሚገልጽ ሪፖርት እንዲያዘጋጅ ያዛል። 590/2000 ደግሞ ጠያቂ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ አዞ ነበር። ወረቀት ላይ እንደኛ የታደለ የለም።

መደበቁ ደግሞ ተራ የቢሮ ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ አገሩ ዋጋውን ያውቀዋል። የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ መንግሥት ሸፍኖት ነበር፤ ሽፋኑን የገለጡት ከዩኒቨርሲቲና ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ዝናብ፣ ሰብልና የገበያ ዋጋ እየተከታተለ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍል አቋቋመ። የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ቁጥሩ ነበር፤ ኮሚሽኑም ለለጋሾች ጮኾ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ግን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት መስከረም ላይ ለማክበር እየተሰናዳ ስለነበር በዓሉን የሚያደበዝዝ ቁጥር አልፈለገም። ስንት ሰው እንዳለቀ ደግሜ አልነግራችሁም።

ቅርብ ልምጣ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ዋዜማውን የተናደ አፈር የቀበራቸውን ሰዎች ሊያወጣ የወጣው ሕዝብ ላይ ተራራው ዳግመኛ ተናደ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። አብዛኛው ሊረዳ የወጣ ነው። ዝናቡ በደንብ ተለክቶ ቢሆን አንድም ሰው አይሞትም ነበር ብዬ አልምልም። ግን የተከታታይ ቀናት ዝናብ ድምር ከፍ ሲል ተዳፋት እንደሚናድ የሚታወቅ ነገር ነው። ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ ከተዳፋቱ ውረዱ፣ አንዴ ከተናደም ተመልሳችሁ አትግቡ ለማለት ቁጥሩ መኖር አለበት፤ ያለፉት ዓመታት ደብተርም መኖር አለበት። አካፋ ይዞ የሮጠው ጎረቤት የጎደለው ልብ አይደለም።

ቆጠራ እንወዳለን ደግሞ! ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን የተተከለው ችግኝ ከ353 ሚሊዮን በላይ ነው ተብሎ ለዓለም ተነገረ። በተከላው ደስ ይለኛል፤ እኔም ተክያለሁ። ተከላ ግን የአንድ ቀን ቁጥር ነው፤ ካሜራም ይመጣለታል። በሦስተኛው ዓመት ስንቱ ቆሟል የሚለውን ባለሙያዎቹ «ጽድቀት» ይሉታል። ከጽድቅ ጋር አንድ ሥር ነው፤ ቋንቋችን አንዳንዴ ከኛ ይበልጣል። የጽድቀቱ ቁጥርም ይነገረናል፤ በመቶኛ፣ ለአገር በጠቅላላው። እኔ የምጠይቀው በቀበሌ ነው፦ የትኛው ኮረብታ፣ ማን ሄዶ ቆጠረው፣ በስንት ቀን፣ ደብተሩ የት ነው? የተከላውን ቀን የሚጽፉ ሺህ ናቸው፤ የጽድቀቱን ቀን የሚጽፈው ያ «ድጋፍ ሰጪ» የተባለው ሰው ነው፣ አበሉ ካልተቆረጠበት።

ጋሞዎች ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፣ ዴሬ ዎጋ። መስከረም 2011 ላይ የተቆጣ ወጣት አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሳ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ያስቆሙት ሽማግሌዎች የመጡት ከዚያ ሕግ ነው። ያ ዕውቀት በወረቀት አልቆየም፤ የቆየው ታናሹ ከታላቁ ጎን ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ እየሰማ ስላደገ ነው። ታላቁ ሲሞት ታናሹ ያውቀዋል። መንግሥት ግን አንዱ ጡረታ ከወጣ ከስድስት ወር በኋላ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያወጣል። የሚለቀውና የሚቀጠረው ሰው አንድ ክረምት እንኳ አብረው እንዲለኩ ማድረግ የአንድ ሰው የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው፤ ከአንድ ዎርክሾፕ ምሳና ባነር አይበልጥም። ክሊራንሱ ቅጽ ላይ «የመረጃ ደብተር» የሚል አንድ ረድፍ ይጨመር፤ ያላስረከበ ብቻ ሳይሆን ያልተረከበም ይጠየቅ። ቁጥሩ ደግሞ ከቢሮ ይውጣ። የሳምንቱ ዝናብ፣ የኩልፎ ከፍታ፣ የጫሞ ዳር ሲቀላ ገበያ ላይ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ደጋው ላይ ዱቡሻ ላይ በጋሞኛ ይነበብ። ገበሬው ስለ ዝናብ አያውቅም ብሎ ለማስተማር አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ የጻፈው ስህተት ከሆነ «አይ፣ ያን ማክሰኞ እኮ ዘንቦ ነበር» የሚለው እሱ ስለሆነ ነው። እንዲህ ዓይነት አራሚ በነጻ የሚያገኝ መሥሪያ ቤት የት አለ?

የእኔ ሰውዬ የጀመሩበት የደጋው ጣቢያ ዛሬም አለ። አጥሩ ተበላሽቷል፣ ጣሳው ግን ደህና ነው። ቦታው ላይ የተመደበ ሰው የለም፤ «በሂደት ላይ ነው» ተብሏል። እስከዚያው የሚለካው የግቢው ዘበኛ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ማንም ግን አላሳየውም። ሲያስታውስ ይወጣል፣ ጣሳው የሞላ እንደሆነ ይደፋዋል፣ ወር ሲደርስ ቅጹን በሙሉ በአንድ ቀን ይሞላል። ቅጹ ንጹሕ ነው፤ አንድም ሰረዝ የለበትም።